ደወሉ እስኪመታ

ስለ ደራርቱ ቱሉ ወሬ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ልቧ ነው። ርኅራኄዋ፣ እንባዋ፣ ሰው ማቀፏ። እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ግን አንድ ሰው ሕይወቱን በሙሉ የደከመበትን ሥራ ትቶ ልቡን ብቻ እያመሰገኑ መሸኘት ሙያውን መበደል ይመስለኛል። ልበ ደግ ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል። ሃያ አምስት ዙር ሮጦ ከሃያ አምስቱ የትኛው የእሱ እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ግን ስንት አለ? የበቆጂዋን ልጅ ማድነቅ የምፈልገው በዚህ በኩል ነው፤ ጥሩ ሸማኔ የሠራውን ጥበብ ጫፉን ገልበጥ አድርጎ እንደሚመለከት ገበያተኛ።

ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ ባርሴሎና፣ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ። ደራርቱ 20 ዓመቷ ነው። ፕሎቭዲቭ ላይ የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆናለች፤ አንትወርፕ ላይ በዓለም አገር አቋራጭ የብር ሜዳሊያ ወስዳለች። እንደዚያም ሆኖ ስታዲየሙን የሞላው ሰው ዓይኑ ያረፈው ባለፈው ዓመት ቶኪዮ ላይ የዓለም ሻምፒዮን በሆነችው በስኮትላንዳዊቷ ሊዝ ማኮልጋን ላይ ነበር። ማኮልጋን እንደ ልማዷ ከፊት ሆና ፍጥነቱን ያዘች። ከውድድሩ አጋማሽ በኋላ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር አፈትልካ ወጣች። ያን ፍጥነት የቻለችው ደራርቱ ብቻ ነበረች።

ከዚህ በኋላ ያለውን ምስል ድምፁን አጥፍቶ ማየት ይበጃል። ኮሜንታተር ሁልጊዜ የሚያወራው ስለምትመራዋ ሯጭ ነው፤ የዚያን ቀን ሥራው የሚሠራው ግን ከኋላዋ ነበር። ደራርቱ ከማየር ትከሻ ጀርባ ገብታ ተቀመጠች። "ተቀመጠች" ማለቴ ልክ ነው፤ ሩጫ ላይ መሆኗን ረስታ ያረፈች ነው የምትመስለው። ማየር ስታከርር ታከርራለች፣ ማየር ስትቀዘቅዝ ትቀዘቅዛለች። ክፍተቱ አይሰፋም፣ አይጠብም። ኩርባ ላይ ጎን ለጎን ልውጣ አትልም፤ ምክንያቱ ደግሞ ተራ ሒሳብ ነው፤ ከመጀመሪያው መም ወጥቶ በሁለተኛው ላይ አንድ ሙሉ ዙር የሮጠ ሰው ሰባት ሜትር ተኩል ገደማ በነጻ ይጨምራል። ወጣት ሯጮች ይህን ስህተት የሚሠሩት ጉልበት አንሷቸው አይደለም፤ መታየት ስለሚያምራቸው ነው። የሃያ ዓመቷ ልጅ አላማራትም።

የመጨረሻው ዙር ደወል አካባቢ ወጣች። ገና ስትወጣ ጉዳዩ አለቀ፤ ምክንያቱም የጨመረችው በጥቂት በጥቂቱ አይደለም። ማየር ልትጠጋት ብትሞክርም በእግሯ ውስጥ የቀረ ነገር አልነበረም። ሰዓቷ 31 ደቂቃ ከ06.02 ሰከንድ፣ ማየር 31 ደቂቃ ከ11.75። ወደ ስድስት ሰከንድ የሚጠጋው ልዩነት ሁሉ የተቆረጠው በአንድ ዙር ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል፤ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከሮም ኦሊምፒክ ወዲህ ተከልክላ የተመለሰችው በዚያ ዓመት ነበር። የእኛም ቡድን በ1968 ዓ.ም. ሞንትሪያል ድረስ ሄዶ ሳይወዳደር የተመለሰው በዚሁ ጣጣ ነው፤ ያን ጊዜ ምሩፅ ይፍጠር በእጁ የነበረ ዕድል አምልጦታል። ስለዚህ የዚያ ዙር ፎቶግራፍ ታሪክ ነው፣ ተገቢ ቦታውን ይዟል። እኔን የሚቆጨኝ ፎቶግራፉ ውድድሩን መሸፈኑ ነው። ጥቁር አፍሪካዊት ሴት በኦሊምፒክ ወርቅ ስትወስድ የመጀመሪያዋ የሆነችው እጅ በመያያዝ አይደለም፤ የማየርን ጀርባ ያን ያህል ዙር በትዕግሥት በማንበብ ነው።

ምሩፅን ካነሳሁ አይቀር፣ ይህ የመጨረሻ ዙር ጥበብ ከሰማይ የወረደ አይደለም። "ማርሽ ቀያሪው" ሞስኮ ላይ በ1972 ዓ.ም. ሁለት ወርቅ ሲያነሳ ያሳየው ነው። ወንዶቹ ያደረጉትን ሴቶቹ ያደርጉታል ብሎ ያሰበ ግን ብዙ አልነበረም።

በቆጂን ያየ ሰው ይህ ዓይነቱ ትዕግሥት ከየት እንደመጣ ትንሽ ይገባዋል። ከተማዋ ከአሰላ በስተደቡብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በገብስና በስንዴ ማሳ ተከብባ የተቀመጠች ናት። ጠዋት ብርዱ ይቆነጥጣል። ሰልጣኞች ወደ ባሕር ዛፉ ጫካ ይወጣሉ፤ እዚያ ቀጥ ያለ ነገር የለም። በዛፎቹ መሐል እየተጠማዘዙ፣ ወደ ላይ እየወጡ፣ ወደ ታች እየወረዱ ነው የሚሮጡት። አንዱ ከአንዱ ኋላ በአንድ መስመር ይሰለፋል። መሬቱ ሥር አለው፣ ጉድጓድ አለው፣ የወደቀ ቅርፊት አለው፤ ከኋላ ያለው ሯጭ መሬቱን ሳይሆን የፊተኛውን ተረከዝ እያየ እግሩን እዚያው ያሳርፋል። የፊተኛው ሲዘል ይዘላል፣ ሲታጠፍ ይታጠፋል። ይህን በየጠዋቱ ለዓመታት ያደረገ ሰው ሰው መከተልን ከጡንቻው ጋር ያዋሕደዋል። የምትመራዋ ሯጭ ስትደክም ከእሷ ቀድሞ የሚያውቀው ከኋላ ያለው ነው፤ ተረከዟ መሬት ላይ የሚቆይበት ጊዜ በጥቂቱ ይረዝማል፣ ክንዷ ከጎን ይሸሻል። ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ታነብ የነበረው ይህን ይመስለኛል።

ከአሥር ልጆች ሰባተኛ ሆና ተወልዳ፣ ከብት ጠብቃ ያደገች ልጅ ናት። ከተማዋ ከእሷ በኋላ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለን፣ እነ ጥሩነሽ ዲባባን፣ ቲኪ ገላናን አውጥታለች። የስፖርት መምህርና አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ስማቸው በየአገሩ የሚጠራው ለዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በከተማዋ ሯጮች ላይ የተሠራው ዘጋቢ ፊልምም ብዙ እንግዳ ወደ በቆጂ አምጥቷል። እንግዶቹ ሁሉ የሚጠይቁት ስለ አየሩ ነው። አየሩማ ላሊበላም ላይ ቀጭን ነው። ቀድማ ሄዳ ወርቅ ይዛ የተመለሰች የጎረቤት ልጅ መኖሯ ግን በቆጂ ያላት ሌላ ቦታ የሌለ ነገር ነው፤ በዚህ ከተማ ያ ሰው ደራርቱ ናት።

ሙያ የሚፈተነው ዕቃው ሲበላሽ ነው። ከባርሴሎና በኋላ የጉልበት ጉዳት መጣ፤ ሁለት ዓመት ያህል ከዋናው ውድድር ራቀች። መጋቢት 1987 ላይ እንግሊዝ፣ ደርሃም ለተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ስትጓዝ አቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቡድኑ አንድ ሙሉ ቀን ያህል እንቅልፍ ሳያይ ተጉላላ። ቦታው የደረሰችው ውድድሩ ሊጀመር አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ነው። አሸነፈች። ይህን ታሪክ ሰዎች የሚያወሩት እንደ ተአምር ነው። እኔ ግን ጉልበቷን የቆጠበች ሯጭ ሥራ አድርጌ ነው የማየው፤ ያልተኛ ሰውነት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈነዳው፣ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ስቴለንቦሽ ላይ ጫማዋ ከእግሯ ወለቀ። ጫማው የወለቀበት ሯጭ በአገር አቋራጭ መሐል ምን ያህል ሰው እንደሚያልፈው ማሰብ ነው። እየቀደመች እየቀደመች አራተኛ ሆና ገባች። የዚያን ቀን ወርቁን ጌጤ ዋሚ ወሰደች፤ የደራርቱ አራተኛነት ግን ከአንዳንድ ወርቆቿ የማይተናነስ ሥራ ነው። አትላንታ ኦሊምፒክ ላይም ጉዳት ይዛ አራተኛ ሆነች። ቀጥሎ ቱሪን ላይ እንደገና አገር አቋራጩን አሸነፈች፣ ወለደች፣ ተመለሰች፣ በ1992 ዓ.ም. ቪላሞራ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፈች።

በእኛ አቆጣጠር 1993 ዓ.ም. ለብቻው ይታይ። ፈረንጆቹ ዓመቱን በሁለት ስለሚከፍሉት አይታያቸውም። መስከረም ላይ ሲድኒ፣ የኦሊምፒክ ወርቅ። ሚያዝያ ላይ ለንደን፣ የማራቶን ድል። ዓመቱ ሳያልቅ ኤድመንተን፣ የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ። ሦስቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የሚጠይቁት እግርም ይለያያል።

ሲድኒ ላይ ፍጥነቱን የያዘችው እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ነበረች። ራድክሊፍ ስትሮጥ ጭንቅላቷ ይወዛወዛል፤ ድካሟንም ተስፋዋንም ከአንገቷ ማንበብ ይቻላል። ከኋላዋ ያለችው ደራርቱ ግን ቁመቷ አጭር፣ ትከሻዋ የተረጋጋ፣ ፊቷ ምንም የማይናገር። ሁለቱን በአንድ ምስል ውስጥ ሲያዩ አንዷ የልቧን ሁሉ እያወራች፣ ሌላዋ ወሬውን እየሰማች ነው። ጌጤ ዋሚና የአትላንታዋ ባለ ወርቅ ፖርቱጋላዊቷ ፈርናንዳ ሪቤሮም አብረው አሉ። የመጨረሻው ዙር ሲቀር ደራርቱ ወጣች፤ ያንን ዙር የጨረሰችው በ60 ሰከንድ ገደማ ነው። 30 ደቂቃ ከ17.49፣ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን። ጌጤ ሁለተኛ፣ ሪቤሮ ሦስተኛ። ያን ሁሉ መንገድ የጠረገችው ራድክሊፍ አራተኛ። በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ደራርቱ ሆነች፤ በሁለቱ መካከል ስምንት ዓመት፣ አንድ ጉልበትና አንድ ወሊድ አለ።

አንዳንድ ሰው ይህን አሯሯጥ "በሰው ጉልበት መጠቀም" ይለዋል። የሚመራው ነፋሱን ይጋፈጣል፣ የሚከተለው ይቆጥባል፤ ክሱ ከእውነት የራቀ አይደለም። መልሴ አጭር ነው፤ ከኋላ መሮጥ ቀላል ቢሆን ኖሮ ሁሉም ከኋላ ሮጦ ያሸንፍ ነበር። ሲድኒ ላይ ከራድክሊፍ ጀርባ የነበሩት ብዙ ነበሩ።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ጥቅምት 22 ቀን 2002 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ እነዚያው ሁለት ሴቶች እንደገና ተገናኙ፣ በማራቶን። ደራርቱ 37 ዓመቷ ነበር፤ ያሸንፋሉ ከተባሉት መሐል ማንም አልቆጠራትም። ራድክሊፍ ጉዳቷ አስቸግሯት ወደ ኋላ ስትል ደራርቱ ዞር ብላ አይዞሽ፣ ተከተይኝ እንዳለቻት በሰፊው ተነግሯል፤ ሰዎች ደግነቷን የሚያወሱትም በዚህ ነው። ይሁን። ከዚያ በኋላ ግን ከሩሲያዊቷ ሉድሚላ ፔትሮቫ ጋር መፋጠጥ ነበረባት፤ እሷን የጣለቻትም በስምንት ሰከንድ ነው። 2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ። ኒውዮርክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት። ሰዓቱ ፈጣን አይደለም፣ መሆንም አያስፈልገውም ነበር።

ከመሮጫ መም ወደ ቢሮ ስትገባ ያው እጅ ያው ሥራ ይሠራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። በ2009 ዓ.ም. የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሲሆን እሷ ምክትሉ ነበረች። በኅዳር 2011 አትሌቶች ቅሬታቸውን ይዘው አደባባይ በወጡበት ሰሞን ኃይሌ ለቀቀ፤ ወንበሩ ላይ እሷ ተቀመጠች፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በምርጫ ጸናላት። ራሱ ሯጭ የነበረ ሰው በአንድ ጊዜ ሯጮቹ የሚከስሱት አካል ኃላፊ ሆነ ማለት ነው።

ይህ አቀማመጥ ሌላም ቦታ ይታወቃል። ሆላንዳዊው ዊም ኮክ የአናጢ ልጅ ነበሩ። የማኅበር ሥራቸውን የጀመሩት በግንባታ ሠራተኞች ዘንድ ነው፤ በኋላ የአገሪቱን ትልቁን የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን እስከ 1985 (እ.ኤ.አ.) ድረስ መሩ። በ1982 ከአሠሪዎቹ መሪ ጋር ቫሰናር በምትባል ከተማ የደረሱበት ስምምነት ከሁለት ገጽ የማይበልጥ ነው፤ ሠራተኛው የደመወዝ ጭማሪውን ያለዝባል፣ አሠሪው የሥራ ሰዓቱን ያሳጥርና ሥራው ለብዙ ሰው ይዳረሳል። ያች አጭር ወረቀት የሆላንድን ኢኮኖሚ መልክ ቀይራለች ይባላል። ኋላ ኮክ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፤ መንግሥታቸው የአካል ጉዳት አበልን ሊቀንስ ሲነሳ በ1991 ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው ሄግ ላይ ወጣባቸው። ትናንት የመሯቸው ሠራተኞች ነበሩ። ያንን አልፈው ከ1994 እስከ 2002 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል፤ በባድመው ጦርነት ማግስት ወደ እኛ ድንበር የመጡትን የሆላንድ ሰላም አስከባሪዎች የላከውም የእሳቸው መንግሥት ነው። ኮክ ጠረጴዛውን ዞረው ሲቀመጡ የተወሰነ ነገር አጥተዋል፤ ደራርቱም አጥታለች።

ያጣችውን መሸፋፈን አያስፈልግም። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ ፌዴሬሽኑና የኦሊምፒክ ኮሚቴው በአደባባይ ሲጣሉ አገር ታዘበ፤ ቡድኑ የተመለሰው በአንድ ወርቅ ነው። የአትሌት ምርጫ ክርክር በእሷም ዘመን አልቆመም፤ ማጣሪያውን ለማድረግ ወደ ሆላንዷ ሄንጌሎ መሄድ የተለመደ ነበርና ሰኔ 2013 ላይ ለተሰንበት ግደይ በ29 ደቂቃ ከ01.03 የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው እዚያ፣ በማጣሪያ ላይ ነው። ከሁለት ቀን በፊት እዚያው መም ላይ ክብረ ወሰኑን የያዘችው አዳማ የተወለደችው የሆላንዷ ሲፋን ሐሰን ነበረች። አንድ ሯጭ ለምን ሌላ ባንዲራ ለበሰ የሚለው ጥያቄ የፌዴሬሽን ጥያቄ ነው፤ በደራርቱ ዘመን ጥሩ መልስ አላገኘም።

አንድ ቀን ግን የድሮው እጅ ቢሮ ውስጥም ታየ። በሐምሌ 2014 ኦሪገን ላይ ቡድኑ አራት ወርቅ፣ አራት ብርና ሁለት ነሐስ ይዞ ከአሜሪካ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ። ለተሰንበት ግደይ፣ ጎተይቶም ገብረ ሥላሴና ጉዳፍ ፀጋይ ወርቅ አግኝተዋል። ሦስቱም የትግራይ ልጆች ናቸው፤ ያን ጊዜ ትግራይ በጦርነት ውስጥ ነበረች፣ ስልክም ተቋርጦ ነበር። አገር ቤት በተደረገው አቀባበል ላይ ባለሥልጣናቱ በተሰበሰቡበት ደራርቱ ማይክ ስትይዝ፣ ወርቅ ያመጡ ልጆች ደስታቸውን ለወላጆቻቸው በስልክ እንኳ ማካፈል እንዳልቻሉ ተናገረች። በዚያ ሰሞን ይህን ጉዳይ በአደባባይ ማንሳት ቀላል አልነበረም። ጊዜውን ልብ በሉ፤ ከአንድ ወር በፊት ብትናገረው ፖለቲካ ይባል ነበር፣ ከአንድ ወር በኋላ ማንም አይሰማትም ነበር። ሜዳሊያው አንገት ላይ ሳለ፣ ካሜራው በርቶ፣ እምቢ ለማለት በሚከብድበት ሰዓት ወጣች። የሠራተኛ ማኅበር መሪ ለአባሉ የሚናገረው እንዲህ ነው፤ አጭር፣ ለሚመለከተው ፊት ለፊት፣ የራሱን ቅሬታ ሳይደባልቅ። ሰው ያየው እንባዋን ነው። እኔ ያየሁት ደወሉን ነው።

በታኅሣሥ 2017 ስለሺ ስህን ተመርጦ ወንበሩን ተረከበ።

በቆጂ ላለ ሰልጣኝ ከደራርቱ ሥራዎች አንዱን ብቻ አሳይ ብባል ባርሴሎናን አልመርጥም፤ ሲድኒንም አልመርጥም። በሁለቱም የተሸነፉት አብዛኞቹ ምን እንደሚመጣባቸው በደንብ አያውቁም ነበር። ኤድመንተንን ነው የማሳየው፤ ሰዓቱ ቀርፋፋ፣ 31 ደቂቃ ከ48.81። ሜዳሊያዎቹን የወሰዱት ሦስት ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ደራርቱ፣ ብርሃኔ አደሬ፣ ጌጤ ዋሚ። አብረዋት ለአንድ ባንዲራ የሮጡ፣ የምትወጣበትን ቦታ፣ የምትወጣበትን እግር ሳይቀር የሚያውቁ ሴቶች ናቸው። ሚስጥሩ የታወቀ ዘዴ በሚያውቁት ሰዎች ፊት እንደገና ተሠራ፣ አሁንም ሠራ። ከብርሃኔ ጋር የነበራት ልዩነት አራት መቶኛ ሰከንድ ነው፤ በዚያ ፍጥነት መም ላይ ቢለካ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ብርሃኔ ደግሞ የምትናቅ ሯጭ አልነበረችም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ በዚሁ ርቀት የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች።